ሬንደሩ ያልቃል፣ ፋይሉ ግን አንዳንዴ አይቀመጥም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ዲዛይኖችን በምስልና በአኒሜሽን የምናዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ነን። የምንጠቀመው ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የተጫነባቸው ስምንት ኮምፒውተሮች አሉን። አንዱን ፕሮጀክት በሁሉም ላይ ከፍተን፣ ማታ ሬንደር (የአኒሜሽኑን ምስሎች፣ ማለትም ፍሬሞቹን፣ አንድ በአንድ አስልቶ ማውጣት) አስጀምረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ኦቨርራይትን (ባለ ፋይል ላይ ደግሞ መጻፍን) አጥፍተን ፕሌስሆልደርን (ለተጀመረ ፍሬም ባዶ ፋይል ማስቀመጥን) አብርተናል። ሁሉም ፍሬማቸውን ሴቭ የሚያደርጉት አንዱ ኮምፒውተር ላይ ባለ ሼርድ ፎልደር ውስጥ ነው። አብዛኛውን ሌሊት ሰላም ያድራል። አንዳንዴ ግን ጠዋት ስንመጣ አንዱ ወይም ሁለቱ ማሽን ‹ፐርሚሽን ዲናይድ› ብሎ ቆሞ እናገኘዋለን። ሌላ ቀን ደግሞ ‹ኢንቫሊድ አርጊውመንት› ይላል። ዜሮ ባይት የሆኑ ፍሬሞችም አሉ። ያንኑ ፍሬም ድጋሚ ስናስነሳው ምንም ሳይል ያልቃል። ፎልደሩ ላይ ለሁሉም ሙሉ ፐርሚሽን ሰጥተናል፣ ዲስኩም ሰፊ ቦታ አለው። ምን ቀረን?»

ፐርሚሽኑን ተዉት። እሱ ደህና ነው። ማስረጃው እዚያው ጥያቄያችሁ ውስጥ አለ። ያው ማሽን፣ ያው ፎልደር፣ ያው የፋይል ስም ድጋሚ ሲሞከር ይሠራል ብላችኋል። የመብት ችግር ቢሆን ኖሮ ያ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ አንድም ፍሬም አያስቀምጥም ነበር። ዜሮ ባይት የሆኑት ፋይሎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ፋይሉ ስሙን ይዞ ፎልደሩ ውስጥ ተፈጥሯል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ኔትወርኩ ነበረ፣ አድራሻው ልክ ነበር፣ የመጻፍ መብትም ነበረ። የተበላሸው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል? ብዙ ቢሮዎች ሳምንታት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ችግር የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥር 5 እውነተኛው የመብት ክልከላ ነው። ቁጥር 32 «ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» ነው። ሁለቱ በጭራሽ አይገናኙም። ነገር ግን በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉ ፕሮግራሞች፣ ብሌንደርን ጨምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ፋይል የሚከፍቱት በሲ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በሚጋሩት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ በኩል ነው። ይህ ላይብረሪ የዊንዶውስን ብዙ ቁጥሮች ሰብስቦ ወደ ጥቂት መልእክቶች ይቀይራቸዋል። 5 ቢመጣም 32 ቢመጣም የሚያወጣው አንድ መልእክት ነው፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ»። ቁጥር 53 የኔትወርክ አድራሻው አልተገኘም ማለት ነው፣ እናንተ ስክሪን ላይ ግን «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ሆኖ ይወጣል። ቁጥር 59 ያልታሰበ የኔትወርክ ችግር፣ 64 ደግሞ በመሃል የተቋረጠ ግንኙነት ነው። እነዚህ ሁለቱ በላይብረሪው ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላቸውም። ዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ነገር ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ኢንቫሊድ አርጊውመንት» ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን መልሳችሁ አንብቡት። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ያለው ማሽን ፋይሉን ሌላ ነገር ይዞበት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። «ኢንቫሊድ አርጊውመንት» ያለው ደግሞ ሴቭ ሊያደርግ ሲል ኔትወርኩ ተቋርጦበት ይመስላል። እኔ እንደማየው አንድ ችግር አይደለም ያለባችሁ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፣ በላያቸው ላይ ደግሞ ፕሌስሆልደሩ የሚተወው ባዶ ፋይል አለ። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ስለሚቀር «አልተስተካከለም» እያላችሁ ወደ ፐርሚሽኑ ትመለሳላችሁ።

ምንም ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ግን ለጥቂት ሌሊቶች መዝግቡ። አራት ነገር ብቻ ይበቃል፦ የትኛው ማሽን፣ የትኛው ፍሬም፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ መልእክቱ ምን ይላል። ብሌንደርን ከዴስክቶፕ አይኮን ሳይሆን ከኮማንድ መስኮት ብታስነሱት የሚያወጣው ጽሑፍ በሙሉ ይቆያል፣ ወደ ሎግ ፋይልም ማዞር ይቻላል። ሰዓቱን ኮምፒውተሩ እንደሚያሳየው ጻፉ። «ሌሊት ስምንት ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ከሎጉ ጋር ስታስተያዩ ትደናገራላችሁ። የስምንቱም ኮምፒውተር ሰዓት አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ላይ እንደሆነ ይቀራል። የእኛ ሰዓት በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ያለው ናይሮቢ በሚለው ስም ነው።

መዝገቡን ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ማሽኑን ነው። ስምንት ማሽን ሥራውን ሲካፈል፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚያስቸግር ከሆነ ከሩቅ ሲያዩት «አንዳንዴ» ይመስላል። የትኛው ፍሬም እንደሚደርሰው ስለማይታወቅ በየቀኑ ሌላ ፍሬም ይጎድላል፣ ጥፋቱም የመላው ኔትወርክ ይመስላል። ስለዚህ ኤረሩ ሁሉ ከአንድ ማሽን የመጣ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ሥራችሁ ቀላል ነው። የዚያን ማሽን ኬብል፣ የኔትወርክ ካርድ፣ ሎግኢንና የፎልደር አድራሻ ታያላችሁ። ኤረሩ በማሽኖቹ ላይ ተበትኖ ግን በተቀራረበ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚሆን ነገር አለ ማለት ነው። ባክአፕ ሊሆን ይችላል፣ የአንቲቫይረስ ስካን ሊሆን ይችላል፣ መብራትም ሊሆን ይችላል።

ከመብራቱ ልጀምር፤ እንደ እናንተ ባለ ቢሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነውና። ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው እንበል። መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ምንም አይሆኑም። የኔትወርክ ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹስ? ብዙ ቦታ ስዊቹ ግድግዳ ላይ ወይም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ፣ በቀጥታ ከሶኬት ነው የሚሠራው። መብራቱ ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ስዊቹ ሪስታርት ያደርጋል። ተራ ስዊች በጥቂት ሰከንድ ይነሳል። ማኔጅድ የሚባለው ዓይነት ግን አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ከስምንቱ ማሽን ሰባቱ ፍሬማቸውን በማስላት ላይ ናቸው፣ ኔትወርክ አያስፈልጋቸውም፣ መቋረጡንም አያውቁም። ስምንተኛው ግን ልክ በዚያች ደቂቃ ፍሬሙን ጨርሶ ሴቭ ሊያደርግ ይሄዳል። እሱ ብቻ ይመታል። ጠዋት ስትመጡ ሰባቱ ደህና፣ አንዱ ቆሟል። በሌላ ሌሊት ደግሞ ተራው የሌላው ማሽን ይሆናል።

ይህን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወርን ከፍታችሁ ሲስተም የሚለውን ሎግ እዩ። አብዛኛው የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ሊንኩ ሲቋረጥና ሲመለስ እዚያ ይመዘግባል። በተመሳሳይ ሰከንድ በስምንቱም ማሽን ላይ መቋረጥ ካለ ጥፋቱ የስዊቹ ወይም የመብራቱ ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ የዚያ ማሽን ኬብል ወይም ካርድ ነው። እዚያው ኢቨንት ቪወር ውስጥ፣ በማይክሮሶፍት ሥር ከዚያም በዊንዶውስ ሥር፣ ኤስኤምቢ ክላየንት የሚል ሎግ አለ፤ ኤስኤምቢ ዊንዶውስ ፎልደር የሚያጋራበት ዘዴ ነው፣ ክላየንት ደግሞ ፎልደሩን የሚጠቀመው ማሽን። ሼርድ ፎልደሩ ጋር የነበረው ግንኙነት መቼ እንደተቋረጠ በዝርዝር የሚገኘው ከዚያ ነው። መፍትሔው ደግሞ ርካሽ ነው። ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ አድርጉት። ትንሽ ስዊች የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ የአንዱን ኮምፒውተር ዩፒኤስ ቢጋራ አይከብደውም። ፋይሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተርም ዩፒኤሱ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ፈትሹ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ የራሱ አምፖል በርቶ ስለሚታይ ያታልላል።

ከመብራቱ ቀጥሎ ኬብሉ ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የኔትወርክ ካርዱን ስታተስ ክፈቱና ስፒዱን ተመልከቱ። 1 ጊጋቢት ማለት አለበት። 100 ሜጋቢት የሚል ካገኛችሁ፣ ስዊቹም ካርዱም ጊጋቢት እስከሆኑ ድረስ፣ ኬብሉን ወይም ኮኔክተሩን ጠርጥሩ። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ብቻ ይሠራል። አንድ ሽቦ በደንብ ካልነካ ካርዱ ሳይናገር ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፣ እናንተም «ኔትወርኩ ይሠራል» ትላላችሁ። ኮኔክተሩን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት። የኬብሉ የውጭ ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። ልባሱ ውጭ ቀርቶ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ተራቁተው የሚታዩ ከሆነ፣ ጠረጴዛው በተገፋ ቁጥር ሽቦዎቹ ይነቃነቃሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ሽቦዎችም መፈታት ያለባቸው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፣ ካት 5ኢ ለሚባለው የኬብል ዓይነት ከ13 ሚሊሜትር ያልበለጠ። በጥርስ ተልጦ በችኮላ የተሠራ ኮኔክተር ኢንተርኔት ለመክፈት ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ትልልቅ ፋይል ለማመላለስ ግን አይበቃም።

የፋይሉ መጠን እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። አንድ 1920 በ1080 የሆነ ፍሬም፣ ኢኤክስአር በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት፣ በአራት ቻነልና በሃፍ ፍሎት (ለእያንዳንዱ ቻነል 2 ባይት)፣ ሳይጨመቅ ወደ 16.6 ሜጋባይት ነው። በ3840 በ2160 ደግሞ ወደ 66 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ያውም ያለ ተጨማሪ ሌየር። ይህ በጊጋቢት መስመር ከአንድ ሰከንድ በታች ያልፋል። በ100 ሜጋቢት መስመር ግን ከአምስት ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ፋይሉ መንገድ ላይ በቆየ ቁጥር የመቋረጥ ዕድሉ ይጨምራል። ሌየሮቹን ሁሉ በአንድ ፋይል የምታስቀምጡ ከሆነ ይህን አባዙት። በዋይፋይ የተያያዘ ማሽን ካለም ከሬንደሩ አውጡት ወይም ኬብል ሳቡለት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ኔትወርክ ካርዱ ራሱ እንዳይተኛም አድርጉ። በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱ ፓወር ማኔጅመንት ላይ «ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን እንዲያጠፋ ፍቀድ» የሚለውን ምልክት አንሱ። ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ ስሊፕ እንዳያደርግ፣ ሃርድ ዲስኩንም እንዳያጠፋ። ፍሬማችሁ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ በመሃሉ ያ ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ይቆያል፣ ሥራ የሌለው ይመስለዋል። የዊንዶውስ ፋይል ሰርቨርም ለ15 ደቂቃ ዝም ያለን ግንኙነት በራሱ ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ ክላየንቱ ሳያሳውቃችሁ ራሱ መልሶ ስለሚያገናኝ ይህ ለብቻው አይጎዳም። ከደከመ ኬብል ወይም ከተኛ ካርድ ጋር ሲገጥም ግን ኤረር ይሆናል።

አሁን ወደ «ፐርሚሽን ዲናይድ» እንምጣ። ፋይሉን ማን ነው የሚይዘው?

መገመት አያስፈልግም፣ ማየት ይቻላል። ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባል የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ አለ። ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና የሬንደር ፎልደሩን ብቻ እንዲያሳይ ፊልተር አድርጉት። ሌሊቱን ሙሉ የሚተው ከሆነ ፊልተሩን ያላለፈውን እንዲጥል እዘዙት፣ አለበለዚያ ሜሞሪውን ይሞላዋል። በኔትወርክ የሚመጣው የብሌንደር ጽሑፍ እዚያ ላይ «ሲስተም» በሚለው ስም ሥር ይታያል። ፍሬም 118 ይፈጠራል፣ ይጻፋል፣ ይዘጋል። ወዲያው በሚሊሰከንዶች ውስጥ ሌላ ስም ያንኑ ፋይል ይከፍታል። ያ ስም ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የዲፌንደር ሞተር ነው፣ በ«ኤምኤስኤምፒ» የሚጀምረው። ወይም ፋይሎችን ለፍለጋ የሚመዘግበው ሰርች ኢንዴክሰር ነው። ወይም ባክአፕ ፕሮግራሙ ነው። ውጤት በሚለው ዓምድ ላይ «ሼሪንግ ቫዮሌሽን» የሚል መስመር ፈልጉ። እሱ ቁጥር 32 ነው። ከእሱ በላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ስታነቡ ፋይሉን ያልለቀቀው ማን እንደሆነ ስሙን ታገኛላችሁ።

አንቲቫይረሱ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቢሮ ውስጥ አንቲቫይረስ ማጥፋት ሌላ መዘዝ ነው። የሬንደር ውጤት የሚቀመጥበትን ያንን አንድ ፎልደር ብቻ ከስካን ውጪ አድርጉት፣ ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተርም በሬንደር ማሽኖቹም ላይ። እዚያ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ከምስል በስተቀር ምንም አታስቀምጡ። የሰርች ኢንዴክሱንም ለዚያ ፎልደር አጥፉት። ፎልደሩ ከጉግል ድራይቭ፣ ከዋንድራይቭ ወይም ከድሮፕቦክስ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ አውጡት። እነዚህ ፋይል ተጽፎ ገና ሳይረጋ ለመጫን ይሽቀዳደማሉ።

ሰውም ይይዛል። አንድ ባልደረባችሁ አምሽቶ «እስቲ እስካሁን የወጣውን ልይ» ብሎ ፎልደሩን በትልልቅ አይኮን ሲከፍተው፣ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፒኤንጂ ትንሽ ምስል ለመሥራት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያነባል። በኔትወርክ ፎልደር ላይ ከሆነም «ተምብስ» የሚባል የራሱን ድብቅ ፋይል እዚያ ይፈጥራል። በቪዲዮ ኤዲተር ወይም በምስል ማያ ፕሮግራም ከከፈተውማ ይባስ። ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ራሱ ኮምፒውተር ኮፒ አድርጎ ይይ። ይህን ቢሮ ውስጥ ደንብ አድርጉት።

ቀጥሎ ፕሌስሆልደሩ ነው፣ የዜሮ ባይቶቹ ምንጭ። ብሌንደር አንድ ፍሬም ሊጀምር ሲል በዚያ ስም ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ሌሎቹ ማሽኖች ያንን ሲያዩ «ተይዟል» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሬንደሩን በኢስኬፕ ብታቆሙት ብሌንደር ያንን ባዶ ፋይል ራሱ ያጠፋዋል። ኔትወርኩ ተቋርጦ ከሆነ ግን ሊያጠፋው አይደርስበትም። መብራት ሄዶ ወይም ማሽኑ ደርቆ ከሆነም እንዲሁ። ባዶው ፋይል ይቀራል። ኦቨርራይት ስለጠፋ ሌሎቹም ሰባት ማሽኖች ያንን ፍሬም እስከ ጠዋት አይነኩትም። ጥፋቱ አንድ ጊዜ የደረሰ ነው፣ ቀዳዳው ግን ቪዲዮው ውስጥ ይታያል።

ይህ ዘዴ በኔትወርክ ላይ ሌላም ድክመት አለው። የዊንዶውስ ክላየንት በኔትወርክ ፎልደር ላይ ያየውን ለጥቂት ጊዜ ያስታውሳል። በነባሪው ሴቲንግ የፎልደሩን ዝርዝር ለ10 ሰከንድ፣ «ይህ ፋይል የለም» የሚለውን መልስ ደግሞ ለ5 ሰከንድ ይይዛል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሌላ ማሽን ፋይሉን ቢፈጥረውም እሱ አሁንም «የለም» ብሎ ያምናል። ስምንቱን ማሽን በተከታታይ ስታስጀምሩ ሁለቱ አንድ ፍሬም ሊይዙ የሚችሉት ለዚህ ነው። ያኔ ሥራ ይደገማል፣ ሁለቱም በአንድ ስም ሲጽፉ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። እነዚህን ጊዜዎች ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ዜሮ ማድረግ ይቻላል፣ ግን እኔ አልመክርም። ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ መመላለስ ስለሚበዛ ሌላው ሥራችሁ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ይልቅ ፕሌስሆልደሩን የማያስፈልግ አድርጉት።

እንዴት? በብሌንደር አውትፑት ገጽ ላይ ከስታርትና ከኤንድ ሥር «ስቴፕ» የሚል ቁጥር አለ። በስምንቱም ማሽን ላይ ስቴፑን 8 አድርጉ። የመጀመሪያው ማሽን ከፍሬም 1 ይጀምር፣ ሁለተኛው ከ2፣ ስምንተኛው ከ8። የመጀመሪያው 1፣ 9፣ 17 እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው 2፣ 10፣ 18። ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። 240 ፍሬም ካላችሁ ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል። ከተከታታይ ክፍፍል የሚሻለውም በዚህ ነው፤ ካሜራው ዛፍ ወደበዛበት ግቢ ሲገባ ከባዱን ክፍል ሁሉም ይካፈሉታል። ማሽኖቹ ፍጥነታቸው በጣም የሚለያይ ከሆነ ፈጣኖቹ ቀድመው ጨርሰው ይቀመጣሉ፣ ይህ ጉድለቱ ነው። ያ ካስቸገራችሁ ፍላሜንኮ የሚባለውን የብሌንደር የራሱን ነፃ የሬንደር ማናጀር ሞክሩ። ሥራውን አንድ ማናጀር ስለሚያከፋፍል ባዶ ፋይል በማየት መገመት ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመርጠው ግን የሚቀጥለውን ነው። ብሌንደር በቀጥታ ወደ ኔትወርክ አይጻፍ። እያንዳንዱ ማሽን ፍሬሙን የራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሌንደር አኒሜሽን እያወጣ አንድ ፍሬም ሴቭ ማድረግ ካቃተው እዚያው ያቆማል። ቆይቶ አይሞክርም። የሁለት ሰከንድ የመብራት ብልጭታ የአንድን ማሽን የሙሉ ሌሊት ሥራ የሚያስቆመው ለዚህ ነው። ለሬንደር የተሠራ ፕሮግራም ኔትወርክን የማስታመም ሥራ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ለዚያ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለላችሁ፤ ሮቦኮፒ። ሮቦኮፒ ኮፒ ማድረግ ካቃተው ሳይሰለች ይደጋግማል። በነባሪው አንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚሞክረው። እናንተ አሥር ጊዜ በየ15 ሰከንዱ ብላችሁ ብታሳጥሩት ይሻላል፣ አለበለዚያ በአንድ ክፉ ፋይል ላይ ተጣብቆ ያድራል። ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር በየ20 ደቂቃው እንዲነሳ ስታደርጉት አዲስና የተቀየረ ፋይል ብቻ ለይቶ ወደ ሼርድ ፎልደሩ ይወስዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሮቦኮፒን «ውሰድና ከዚያ አጥፋ» በሚለው መንገድ አታሠሩት። ገና እየተጻፈ ያለ ፍሬም ሊያጋጥመውና ግማሹን ሊወስድ ይችላል። ኮፒ ብቻ ካደረገ ግን በሚቀጥለው ዙር የፋይሉ መጠንና ሰዓት መለወጡን አይቶ መልሶ ሙሉውን ይወስደዋል። በየማሽኑ ዲስክ ላይ ያለውን የምታጠፉት ቪዲዮው ተገጣጥሞ ደንበኛው ካየው በኋላ ነው። ዲስክ ርካሽ ነው፣ የጠፋ ሌሊት ግን አይመለስም።

ፕሮጀክቱንና ቴክስቸሩንም (በግድግዳና በወለል ላይ የሚለጠፉትን ምስሎች) በየማሽኑ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ወይም ቴክስቸሮቹን ፋይሉ ውስጥ ፓክ አድርጓቸው። በንባብ ጊዜ ኔትወርኩ ከተቋረጠ ሬንደሩ ላይቆም ይችላል። ቴክስቸሩ ያልተገኘለት ግድግዳ ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ጠዋት አንድ ሮዝ ፍሬም ካገኛችሁ የዚያው በሽታ ሌላ ምልክት ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ለፎልደሩ እንደ ዜድ ያለ የድራይቭ ፊደል አትስጡ። ያ ፊደል የሚታየው ለሰጠው ተጠቃሚ ብቻ ነው። ብሌንደርን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍታችሁት ወይም በሌላ አካውንት የሚነሳ ሰርቪስ ከሆነ ድራይቩ ለእሱ የለም። በሁለት ወደኋላ ያዘነበሉ መስመሮች የሚጀምረውን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ ጻፉ። መስመሮቹ ወደፊት ያዘነበሉ ከሆኑ ግን ብሌንደር «ፕሮጀክቱ ካለበት ፎልደር ጀምረህ» ብሎ ነው የሚረዳው፣ ፍሬሙም ያላሰባችሁት ቦታ ይሄዳል። ፎልደሩ ላለበት ኮምፒውተር የማይለዋወጥ አይፒ ስጡት። ያ ኮምፒውተር ራሱም ሬንደር የሚያደርግ ከሆነ በብሌንደር ውስጥ የሚጠቀመውን ትሬድ (ጎን ለጎን የሚያስኬደውን የፕሮሰሰር ሥራ ብዛት) ቀንሱለት፣ ፋይል ለመቀበል ትንፋሽ ያግኝ። ተራ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሼርድ ፎልደር ላይ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አይቀበልም። በስምንት ማሽን አትደርሱበትም፣ ግን የቢሮው ሌሎች ላፕቶፖችም እዚያው የሚገቡ ከሆነ ቁጥሩን አስቡት። የዚያ ኤረር ቁጥር 71 ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ዛሬ ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ሰኩት፣ የስምንቱንም ካርድ ስፒድ እዩ። ማታ ፕሌስሆልደሩን አጥፍታችሁ በስቴፕ 8 ወደየራሳቸው ዲስክ አስጀምሩ፣ ሮቦኮፒውን ከጎን አስነሱት። ጠዋት ሼርድ ፎልደሩን በመጠን፣ ከትንሹ ጀምሮ፣ ደርድሩት። ዜሮ ባይት የሆኑና ከጎረቤቶቻቸው በጣም ያነሱ ፋይሎች ከላይ ይሰበሰባሉ። እነሱን በሼርድ ፎልደሩም በመጡበት ማሽን ዲስክም ላይ አጥፉ። ኦቨርራይት እንደጠፋ ሆኖ ያንኑ ማሽን መልሳችሁ ስታስነሱት የጎደሉትን ብቻ ሠርቶ ይሞላል።

ወደ ራሱ ዲስክ እየጻፈም «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል ማሽን ካለ፣ ኔትወርኩን እርሱት፣ የዚያ ማሽን አንቲቫይረስ ላይ ፕሮሰስ ሞኒተርን ክፈቱበት። ኤረሩ ወደ ሮቦኮፒ ሎግ ከተሻገረ ደግሞ ሮቦኮፒ የዊንዶውስን ቁጥር እንዳለ ነው የሚጽፈው። 32፣ 53፣ 59 ወይም 64 ከሚሉት የትኛው እንደሆነ ከሰዓቱና ከማሽኑ ስም ጋር ላኩልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።